ማን ማንን «አንቱ» ይላል? በአማርኛ ልብ ወለድ ምልልስ ለምትጽፉ

የጀማሪ ደራስያን ረቂቅ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ገጽ ነው። ትረካው ያማረ፣ መቼቱ በደንብ የተሣለ ሊሆን ይችላል፤ ሰዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ሁሉም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያነቡ ይመስላሉ። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ደራሲው ገጸ ባሕሪው ምን እንደሚናገር ሲያስብ ለማን እንደሚናገር መወሰኑን ስለሚረሳ ነው። አማርኛ ደግሞ ይህን ሳይወስኑ አንዲት ግሥ እንኳ አያስጨርስም። «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ»፣ «ይምጡ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ የተመረጠው ቃል ዕድሜን፣ ፆታን፣ ቅርበትን፣ ንቀትን፣ ቂምን ተሸክሞ ይመጣል። ስለዚህ ምልልስ ማስተካከል የምጀምረው ሁልጊዜ ከአጠራር ነው።

ረቂቁን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰምራለሁ። የገጸ ባሕሪያቱ ስም በግራ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ ያው ስም ከላይ በአግድም ይደገማል። በየሳጥኑ ሦስት ነገር ይገባል፦ ይህ ሰው ያንን ሰው ምን ብሎ ይጠራዋል፣ የሚለው «አንተ» ነው ወይስ «እርስዎ»፣ ይህስ በታሪኩ ውስጥ የት ላይ ይለወጣል። ስድስት ገጸ ባሕሪ ካለ ሳጥኑ 30 ይሆናል፤ ሁሉም ስለማይገናኙ ግን የሚሞላው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የሚገናኙትን በሁለቱም አቅጣጫ ሙሉ፤ መከባበር በእኛ አገር ወዲያና ወዲህ እኩል አይሄድምና። አማት ምራቷን «አንቺ» ትላለች፣ ምራት አማቷን «እርስዎ»። በድሮ ቤት ሚስት ባሏን «አንቱ» እያለች እሱ «አንቺ» የሚላት ብዙ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አባቱን «አንተ» የሚል ልጅ አለ፤ በዚያው ሰፈር «እርስዎ» የሚልም አለ። ሁለቱ ጓደኛሞች ሆነው አንዱ ሌላው ቤት ምሳ ሲበላ የሚሰማው መሳቀቅ ብቻውን አንድ ትዕይንት ይወጣዋል።

መጠሪያም እንደዚሁ ነው። «አቶ» የመሥሪያ ቤት፣ የፍርድ ቤትና የሠርግ ወረቀት ቃል ነው። ጎረቤት ቡና ላይ «ጋሽ ከበደ» ይላል፤ «አቶ ከበደ» ካለው ወይ ተጣልተዋል፣ ወይ ሰውየው ለሰፈሩ እንግዳ ነው። «እትዬ»፣ «እማማ»፣ «አባባ»፣ «ወንድም ጋሼ»፣ ገጠር ከሆነ «አያ» የየራሳቸው ቤትና ዕድሜ አላቸው፤ እንደ ቅመም አይበተኑም። ስም በየዓረፍተ ነገሩ መጥራትም ከባዕድ ፊልም የተቀዳ ልማድ ስለሆነ ተውት። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ስሙ የሚጠራው ሲቆጡት፣ ሲለምኑት ወይም ከሐሳቡ ሲመልሱት ነው።

ታሪኩ የቆየ ዘመን ላይ ከሆነ ሠንጠረዡን ከዘመኑ ጋር አመሳክሩ። «ጓድ» በከተማው አፍ የተስፋፋው በደርግ ጊዜ ነው። የከተማ ቀበሌ የመጣው በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው፤ ስለዚህ በ1965 በሚካሄድ ታሪክ ውስጥ «የቀበሌ ሊቀ መንበር» ሊኖር አይችልም። «ወይዘሮ» ድሮ የባላባት ሴት ማዕረግ ነበር፤ በአጤ ምኒልክ ዘመን ጠላ ሻጯን «ወይዘሮ» ካላችኋት ምክንያት ስጧት። ልጅ ሳንቲም ሲለምን «ስሙኒ» እና «ሽልንግ» ማለቱ 25 እና 50 ሳንቲም ዋጋ የነበራቸውን ጊዜ ያለ ዓመተ ምሕረት ይናገራል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር፣ አጠራሩ ወደሚለወጥበት ቦታ። አብዛኛው ደራሲ ሳይጠቀምበት የሚያልፈው ይህንን ነው። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። አንድ አለቃና አዲስ የተቀጠረች ልጅ እየተቀራረቡ ነው እንበል። ሰውየው «ኧረ አንተ በይኝ» ይላል። በብዙ ረቂቅ ላይ ልጅቷ ከሚቀጥለው መስመር ጀምሮ «አንተ» እያለች ትቀጥላለች። እውነተኛ ሰው እንዲህ አይለምደውም። አንድ ጊዜ «ትፈልጋለህ?» ትላለች፣ ቀጥሎ «ይቅርታ፣ ይግቡ» ትላለች፣ ከዚያ ሰውየውን የማይነካ ግሥ እየፈለገች ትሸሻለች፦ «ቡና ይሻላል ሻይ?»፣ «በሩ ይዘጋ?»፣ «ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?»። ይህችን መሸሽ ከጻፋችሁ «አፈረች» ወይም «ልቧ መታ» የሚል መስመር አያስፈልግም። በሦስተኛው ገጽ ላይ ሳታስበው «ና እስቲ» ስትል አንባቢው የሆነውን ያውቃል።

ወደ ላይ መውጣትም ይቻላል። እናት አርፍዶ የሚነሣ ልጇን «ጌታው፣ አይነሡም?» ስትል አክብሮቱ ስድብ ነው። ለዓመታት «አንተ» የተባባሉ ወንድማማቾች ውርስ ላይ ተጣልተው ሽማግሌ ፊት አንዱ «እርሳቸው ያሉትን ሰምቻለሁ» ቢል ዝምድናው ያለቀበት ቦታ እዚያ ነው። ተራኪው መጥቶ «አክብሮት በተሞላ ምፀት» ብሎ ካስረዳ ግን ዱላው ይሰበራል። ለውጡን አታስረዱ፤ አጠገባቸው ያለ ሰው እንዲሰማው ብቻ አድርጉ።

አንድ ትዕይንት በቅርበት እንይ። አከራይና ተከራይ ናቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ ይህን ይመስላል እንበል፦

«እንደምን አደሩ እትዬ ዘውዴ?» ስትል ሰላም በፍርሃት ጠየቀች።
«ደህና ነኝ። የዚህን ወር የቤት ኪራይ ስላልከፈልሽኝ በጣም ተናድጃለሁ። ስለሆነም እስከ ቅዳሜ ካልከፈልሽ ቤቱን እንድትለቂ አሳስብሻለሁ» በማለት በቁጣ መለሱ።
«ደሞዜ ስለዘገየ ነው፤ እባክዎ ጥቂት ቀናት ይታገሱኝ» በማለት ሰላም ለመነቻቸው።

ስሕተቱ አንድ ቦታ ላይ አይደለም። «ስለሆነም» እና «አሳስብሻለሁ» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቃላት ናቸው። «በፍርሃት»፣ «በቁጣ» የሚሉት ንግግሩ ያልሠራውን ሥራ ሊሠሩ የገቡ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እትዬ ዘውዴ የልባቸውን በመጀመሪያው መስመር አፍርጠውታል። ግቢ የሚጋሩ ሰዎች ገንዘብ የሚጠያየቁት እንዲህ አይደለም። እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ፦

እትዬ ዘውዴ የግቢውን በር ዘግተው ዞሩ።
«አደርሽ?»
«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»
«ምን እንሆናለን።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «መብራትሽ ሲበራ አደረ መሰለኝ።»
«የቢሮ ሥራ ይዤ ገብቼ ነው እትዬ።»
«ሥራማ ይኑርሽ። ሥራ ያለው ሰው ወር ሲሞላ ያውቃል።»
«ደሞዝ እኮ እስካሁን…»
«ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከደሴ ይመጣል። ማረፊያ ይፈልጋል።»
ሰላም ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፏን ፈለገች። ቁልፉ እጇ ላይ ነበር።

«ኪራይ» የሚለው ቃል የለም፣ «ቁጣ»ም የለም። መብራቱ የመጀመሪያው ክስ ነው፣ ወሩ ሁለተኛው፣ የእህት ልጅ ፍርዱ። ሰላም መከራከሪያዋን ስትጀምር እትዬ ዘውዴ አያስጨርሷትም፤ ቋንቋው በግሥ የሚያልቅ ስለሆነ ዓረፍተ ነገርን ግሡ ሳይመጣ መቁረጥ በአማርኛ ከባድ ጥቃት ነው፣ ተጠቀሙበት። ተከራይዋ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ማለቷን ልብ በሉ። ቅዳሜ የእህት ልጅ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም «እንግዲህ የፈለግሽውን አድርጊ!» ካለች፣ ከ«ያድርጉ» ወደ «አድርጊ» የወረደችው አንዲት ግሥ የምዕራፉ ጫፍ ትሆናለች። ግን ያ የሚሠራው ቀደም ባሉት ገጾች አንድም ቦታ ካልተሳሳታችሁ ነው። አንዲት በስሕተት ያመለጠች «አንቺ» ቀድማ ከገባች ጫፉ ይጠፋል፤ ሠንጠረዡ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ «አለ»። «አለ»፣ «አለች»፣ «አሉ» አንባቢ የማያያቸው ቃላት ናቸው፤ መደጋገማቸው አያስፈራችሁ። የሚታዩት «በማለት አስገነዘበ»፣ «ሲል ገለጸ»፣ «ስትል አከለች» የሚሉት ናቸው፤ እነሱ የዜና ንብረት ናቸው። ረቂቁ ሲያልቅ «በማለት» የሚለውን ቃል ፈልጉና አንድ በአንድ እዩት፤ ዘጠኝ እጁን ማውጣት ይቻላል። ሌላው ችግር ተናጋሪውን የሚነግረን ቃል በተፈጥሮው መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ንግግሩ ከሦስት መስመር ካለፈ አንባቢው ማን እየተናገረ እንደሆነ ሳያውቅ እስከ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ያነባል። መፍትሔው የተናጋሪውን ድርጊት ማስቀደም ነው፦ አስቴር ጀበናውን አወረደች። «…» ከዚያ በኋላ «አለች» አያስፈልግም። ድርጊቱ ግን ከትዕይንቱ የወጣ ይሁን። ፀጉሩን የሚያክ፣ በረጅሙ የሚተነፍስ፣ ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ ገጸ ባሕሪ በየገጹ ካለ ደራሲው ቦታ መሙያ እየፈለገ ነው ማለት ነው።

ወንድና ሴት ብቻቸውን ሲነጋገሩ «አለ» ጨርሶ የማያስፈልግባቸው ረጃጅም ቦታዎች አሉ። «ለምን አልደወልሽም?» የሚለው እሱ ነው፣ «አንተስ?» የምትለው እሷ። ግሡ ራሱ ስለሚጠቁም በአሥር ቅብብል ውስጥ ሁለት ሦስት ጠቋሚ ይበቃል። ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች ሲሆኑ ይህ እርዳታ ይቀራል፤ እዚያ ላይ በዕድሜ ወይም በአጠራር እንዲለያዩ አድርጋችሁ ከሆነ «እትዬ» የምትለዋ ማን እንደሆነች ይታወቃልና ቀላል ነው።

ፆታ መደበቅ ለሚፈልግ የወንጀል ታሪክ ደራሲ ይኸው ጉዳይ ራስ ምታት ነው። «ገባ» ካላችሁ ወንድ፣ «ገባች» ካላችሁ ሴት። መውጫዎቹ ጥቂት ናቸው። ግሡን ለዕቃው ወይም ለአካል ክፍል ስጡት፦ «በሩ ተከፈተ። ጓንት ያጠለቀ እጅ መብራቱን አጠፋ።» በአክብሮት ማውራትም ፆታን ይሸፍናል፤ «ማን ነበሩ የደወሉት?» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። አንደኛ መደብ ተራኪም «ገባሁ» ሲል ፆታው አይለይም፤ ሌላ ሰው ሲያናግረው ግን ምስጢሩ ይወጣል። ለአጭር ልብ ወለድ እነዚህ ይበቃሉ። ለረጅም ልብ ወለድ ግን አልመክርም፤ አንባቢ ማምለጡን ራሱን ማየት ይጀምራል።

ተራኪው ሰዎቹን እንዴት እንደሚጠራም ቀድሞ መወሰን አለበት። «ፊታውራሪ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ» እና «ፊታውራሪው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ» የሁለት የተለያዩ ተራኪዎች ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የአገሩ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ከሩቅ የሚያይ። ታሪኩ በአንድ ልጅ ዓይን የሚታይ ከሆነ የልጁን አክብሮት ተከተሉ፤ አባቱን «መጡ» የሚል ልጅ ከሆነ ትረካውም «መጡ» ይበል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ዓይኑ ወደ ሴት አያቱ ሲዞር ያው ሰው «መጣ» ይሆናል፣ አንባቢውም በማን ዓይን እንደሚያይ ያለ ማብራሪያ ያውቃል። የሚያበላሸው በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን መቀላቀል ነው።

የአክብሮቱ ግሥ ከብዙ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑም ያደናግራል። «አቶ ታደሰ ከልጆቻቸው ጋር ተከራከሩ። ከዚያ ተነሥተው ወጡ።» ማን ወጣ? አባትየው ብቻ ናቸው ወይስ ሁሉም? እዚህ ላይ ስሙን ከመድገም ይልቅ አንድ ሰው ብቻ ሊይዘው የሚችል ነገር አስገቡ፦ «ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።» ይበቃል።

አሁን ወደ ቃላቱ። ሰው ሲናገር «ይህ» አይልም «ይሄ» እንጂ፤ «ከዚያም» ሳይሆን «ከዛ»፤ «ምንድን ነው» «ምንድነው» ይሆናል። «በመሆኑም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚህም በተጨማሪ» የሚሉት በገጸ ባሕሪ አፍ ውስጥ ከገቡ ወይ መምህር ነው፣ ወይ ሰብሳቢ፣ ወይ ደራሲው ራሱ ነው። ስሜቱን የሚሸከሙት ግን ትናንሾቹ ቃላት ናቸው። «መጣ» ዜና ነው። «መጣ እኮ» አልሰማ ላለ ሰው የሚነገር ነው። «መጣ እንዴ?» መገረም፣ «ይምጣ እስቲ» ዛቻም ፈቃድም ሊሆን ይችላል፣ «ይምጣ እንጂ!» ግብዣ ነው። «ታዲያ»፣ «ይልቅ»፣ «ደግሞ»፣ «በል»፣ «ኧረ» ሁሉም እንዲህ ናቸው። «በብስጭት»፣ «በጉጉት» የሚል ቃል ልትጨምሩ ስትሉ መጀመሪያ ከእነዚህ አንዱ ሥራውን ይሠራ እንደሆነ ሞክሩ። አንድ ገጸ ባሕሪ አንድ ሁለት ልማደኛ ቃል ይበቃዋል፤ የድሬዳዋው ልጅ በየመስመሩ «አቦ» ካለ ሰው መሆኑ ቀርቶ ቀልድ ይሆናል። ድሬዳዋ ያደገ አንባቢ በዚህ ይቀየማል፣ ልክም ነው።

መሐላና ምስጋና ሃይማኖትን ይናገራሉ። «ወላሂ»፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚለውና «በእመቤቴ» የሚለው ሌላ መግለጫ አይፈልጉም። ሰላምታ ግን ሙሉውን አይጻፍ። ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው እስኪያልቅ ቢጠያየቁ እውነት ነው፣ ገጹ ግን ይሞታል። ሰላምታው የሚሰበርበትን ቦታ ብቻ ውሰዱ። ሁሉን ጠይቆ «ወንድምህስ?» የሚለውን ብቻ የዘለለ ጎረቤት ስለ ወንድምየው የሚያውቀው ነገር አለ።

ተረትና ምሳሌም ልክ አለው። ሽማግሌ ገጸ ባሕሪ በተናገረ ቁጥር ከተረተ የተረት መድበል ይሆናል። ከቻላችሁ ግማሹን ብቻ ስጡ፦ «ምከረው ምከረው…» ብለው ይተዉት። ቀሪውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚሰማው ልጅም ያውቀዋል፣ ያስፈራውም ያ ነው።

አማርኛ ለደራሲ የሚሰጠው አንድ ሌላ ጥቅም አለ፤ ጥቅስ ሳይከፍቱ የሰውን ድምፅ ትረካ ውስጥ ማስገባት። «ምን አባቱ ያመጣል ብላ በሩን ከፈተች።» «ነገ እመጣለሁ እንዳለ ቀረ።» በሁለቱም ውስጥ የገጸ ባሕሪዋና የገጸ ባሕሪው የራሳቸው ቃል አለ፣ ትረካው ግን አልቆመም። ረጅም ምልልስ ሲደክም መካከሉን በዚህ መንገድ አጥፉትና ዋናዎቹን ሁለት ሦስት መስመሮች ብቻ በጥቅስ አስቀሩ። ስልክ ላይ ለሚደረግ ወሬ በተለይ ይህን የሚያህል የለም።

ውጭ አገር ስለሚኖሩ ቤተሰቦች የምትጽፉ ከሆነ የልጆቹን አማርኛ በጥንቃቄ ስሙት። አሜሪካ ያደገ ልጅ አማርኛ የተማረው እናትና አባቱ እሱን ሲያናግሩት ነው፤ ስለዚህ የሚያውቀው «አንተ»ን ነው። ከአገር ቤት የመጡ አያቱን «አያቴ፣ ና ብላ» ሊላቸው ይችላል። ወላጆቹ ይደነግጣሉ፣ አያቱ ምናልባት ይስቃሉ። ሴት አያቱንም «ና» ሊላት ይችላል፤ ግን ቤት ውስጥ እህት ካለችው «ነይ»ን በደንብ ያውቀዋል። ዋናው ነገር ስሕተቱ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። እንዲያው ቃላት ማጣመምና በየመሐሉ እንግሊዝኛ መሰግሰግ ልጁን ያቃልለዋል።

የመጨረሻው እርማት በጆሮ ነው። ሌላ ሰው ሳያዘጋጅ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ፤ እናንተ ካነበባችሁት የጎደለውን ድምፅ ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ። የተደናቀፈበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ እንጂ አታቋርጡት። ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ ነው፦ «ልጁ ቤት አለ» የሚለውን «ቤት ውስጥ ይገኛል» ወይስ «‹ቤት› ብሎ ተናገረ» ብሎ ያንብበው? «ይመታል» ሲባልስ ዱላ የሚያሳርፈው እሱ ነው ወይስ ዱላው የሚያርፍበት? ከፊቱ አንድ ግልጽ ቃል ስታስገቡ ይፈታል።

ከዚያ የቀረው ሥርዓተ ነጥብ ነው። ንግግር በ« » ይከፈት፣ በውስጡ ያለ ሌላ ንግግር በ‹ ›። «አለች» ከተከተለ አራት ነጥቡ ከ«አለች» በኋላ ይሁን፤ ንግግሩ ብቻውን ከቆመ ጥቅሱ ከመዘጋቱ በፊት። የጥያቄና የቃለ አጋኖ ምልክት ሁልጊዜ ከንግግሩ ጋር ውስጥ ይቀራሉ። በስልክ ለምትጽፉ፣ ብዙ የግዕዝ ኪቦርድ « »ን በቀላሉ ስለማይሰጥ ረቂቁ ላይ ያገኛችሁትን ምልክት ተጠቀሙና መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ተኩት። የገጸ ባሕሪያቱ ስም ፊደልም እዚያው ሠንጠረዥ ጥግ ላይ ይጻፍ፤ «ኃይሉ» በገጽ 12፣ «ሀይሉ» በገጽ 90 ከሆነ ስሙን በኮምፒውተር ስትፈልጉ ግማሹ አይገኝም፣ ከአርታኢ ዓይንም ያመልጣል።